ዲብ የሚሉት ቃል

ከዋና ከተማው ጨዋታ በተመለስን በማግስቱ ጋዜጣውን ያነበበልኝ የፋብሪካችን ሚዛን ጠባቂ ነበር። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ጎሉ የገባው በበረኛው ስህተት ነው ይላል» አለና ወረቀቱን አጥፎ ብብቱ ስር ከተተው። ሌላስ ምን ይላል ብለው ሌላ አይልም አለኝ። በገንኩ፤ ግን ወረቀት ላይ ለሰፈረ ነገር እንዴት መልስ እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር። ጢሜን ሽበት ከጀማመረው በኋላ በማታ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ቻልኩ። መልሴ ይኸው ነው። ስህተት አልነበረም፤ ቃል ነበር። ቃሉም ዲብ ነው።

ድሬ ዳዋ ላላደገ ሰው ማስረዳት ይኖርብኛል። ሱማሌው «ዲብ» ካለህ አቀብል ማለቱ ነው። ኦሮሞው «ዲቢ» ካለህ ግፋ ማለቱ ነው። ሁለቱም ምላሳቸውን ወደ ላንቃቸው አጠፍ አድርገው ነው የሚሉት፤ ጩኸት ባለበት ቦታ የመጨረሻዋ ድምፅ ትዋጥና አንድ ይሆናሉ። አማራው ደግሞ ምላሱን ሳያጥፍ ካለው ድብ ይሆንበታል፣ አውሬው። በዚህ ምክንያት የተጣላ ሰው በከተማችን አላየሁም። እኛ ቃሉን ብቻ አንሰማም፤ ከማን አፍ እንደወጣም እንሰማለን። የመጋላው ሱማሌ ነጋዴ ካለው እናቀብላለን፤ ከጀልዴሳ ገጠር ግመል ይዞ የገባው ኦሮሞ ካለው እንገፋለን።

ቡድኑ የዘይት ፋብሪካው ነበር። እኔ የምሠራው መጭመቂያው ላይ ነው፤ ሰሊጥና የጥጥ ፍሬ። ሸሚዜም ፀጉሬም ትራሴም ዘይት ዘይት ይላል። በከተማው «ዘይቶች» ነው የምንባለው፤ ስናሸንፍ ለሙገሳ፣ ስንሸነፍ ለስድብ። የሌላ ሰፈር ሰዎች እየተሳሳቁ «ዘይቱ ተደፋ፣ እንዳያዳልጣችሁ» ይሉን ነበር። ማሊያችን ቢጫ ነው። በዚያን ጊዜ የእኔ የምለው ነገር ብዙ አልነበረኝም። ቤቱ የኪራይ፣ ማሽኑ የባለቤቱ፣ ጉልበቴም የማሽኑ። ያ ቢጫ ማሊያ ግን የእኔ ነበር፤ አንድ ቀን ለብሼው ባላውቅም።

ክለቡን የሚመሩት ኳስ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳላለሳልስ ነው የምናገረው። ፕሬዚዳንቱ የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ሹም ነው። እኛ ፀሐይ ላይ ስንጠበስ እሱ ድንኳን ስር ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ከእንግዶች ጋር ያወራል። ጎል ሲገባ ዞር ይልና «ማን አገባ?» ይላል። አንዳንዴማ «ለማን?» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚመራውን ቡድን መውደድ ሕመም ነው። እኛ ግን ታመን ነው የኖርነው።

በረኛውን ያገኘነው ከፋብሪካው ግቢ ነው። ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ደረቅ ነገር፣ ፋጉሎ የምንለው፣ ለከብት ይሸጣል፤ እንደ መንኮራኩር ክብ ሆኖ ነው ከመጭመቂያው የሚወጣው። የቀን ሠራተኞች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ መኪና ላይ ይጭኑታል። ከጀልዴሳ የመጣ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ኦሮሞ መኪናው ላይ ቆሞ የመጨረሻው ተቀባይ ሆነ። ከታች የሚወረውርለት ሰው አሳስቶ ወደ ጎን ሲሰድበት፣ ሰውየው እግሩን ሳያነሳ በወገቡ ብቻ ታጥፎ በአንድ እጁ ከአየር ላይ ለቀመው። እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። እኔ የማሽኑን እጀታ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ወርዋሪው እንደገና እንዲሳሳት ተመኘሁ። ደግሞ ተሳሳተ፤ ረጅሙም ደግሞ ያዘው። የዚያን ዕለት ማታ ለአምበላችን ነገርኩት፤ በሳምንቱ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ወስደው ሞከሩት። ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን እስኪመሽ ድረስ ጎል ሊያገቡበት አልቻሉም።

ክለቡ ሲይዘው ከቀን ሥራ አውጥቶ የበር ጥበቃ አደረገው። ወንበር ያለው ሥራ ማለት ነው። ከጀልዴሳ ሚስት አመጣ፤ ለገሃሬ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ከፊቱ የሚቆመው ተከላካይ የመጋላ ሱማሌ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ይሸጣል። ሁለቱ በጣም ይዋደዱ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ጫት ሲቅሙ አንዱ በሱማሊኛ ይጀምራል፣ ሌላው በኦሮሞኛ ይጨርሳል። ሜዳ ውስጥም እንዲሁ ነው። ተከላካዩ በሱማሊኛ ይጮሃል፣ በረኛው በኦሮሞኛ ይመልሳል፣ አምበሉ በአማርኛ ሁለቱንም ይሳደባል። እኔ እንዲህ ያለ ቡድን የትም አላየሁም። የሌላ አገር ሰዎች ሲጫወቱ አንድ ቋንቋ ብቻ ስሰማ የሆነ ነገር የጎደላቸው ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ከዋና ከተማው ኃያል ቡድን ጋር ደርሶን ሁለት ጊዜ ልንገጥም ሆነ፤ መጀመሪያ እዚያ፣ ከዚያ እዚህ። በሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ዳቦና ብርቱካን ይዘን ሄድን። ሜዳቸው ሣር ነበር። ሣር ላይ ኳስ ሲንከባለል አቧራ እንደማያስነሳ ያኔ ነው ያየሁት፤ ለብቻዬ ተገረምኩ። ሰዉ ግን አስፈራኝ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፁን አልሰማም።

ሊያልቅ ሲል ከፍ ያለ ኳስ መጣ። በረኛው ሊይዘው ሁለት እጁን ከፍቶ ተነሣ። ተከላካዩ በግራ በኩል ነፃ ቆሟል፤ «ዲብ» አለ። ያዝና ለእኔ አቀብል ማለቱ ነው። በረኛው በዚያ ጩኸት መሃል ቃሉን ሰማው፣ አፉን ግን አልለየውም። ግፋ የተባለ፣ ከኋላው ሰው የመጣበት መሰለው። የከፈተውን እጅ በአየር ላይ ጨበጠና ኳሱን በቡጢ መታው። ወደቀ፤ የወደቀው የእነሱ አጥቂ እግር ላይ ነው። ያ ብቻ ነው የሆነው። አንድ ለባዶ።

በዚያው ባቡር ተመለስን። አዋሽን ካለፍን በኋላ በረኛው ወደ ተከላካዩ ዞረ።

«ወርያ፣ አንተ ነህ ያልከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከእኛዎቹ አንዱ ያለው መስሎኝ።»

«ወላሂ በሱማሊኛ ነው ያልኩት።»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

ተከላካዩ መሳቅ ጀመረ፤ እያለቀሰ ነው የሚስቀው። እኛም ሳቅን። ለእኛ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር።

ለክለቡ ግን አላለቀም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሰበሰቡን። በዚያ ዓመት ከዋና ከተማው የተቀጠረ አሰልጣኝ ነበረን። ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ ከእሱ በፊት ኳስ ማለት ወደ ፊት መጠለዝ ብቻ ነበር፣ መቀባበልን ያስተማረን እሱ ነው። ግን የድሬ ጆሮ አልነበረውም።

«ምን ብሎህ ነው በቡጢ የመታኸው?» አለው በረኛውን።

«ዲብ አለኝ።»

«ድብ?»

«አዎ፣ ዲብ።»

«የምን ድብ ነው? አደን ነው የወጣችሁት?»

ከኋላ የቆሙት ፋጉሎ ጫኞች በሳቅ ፈረሱ። አሰልጣኙ ስቀን እስክናበቃ ጠበቀና፣ ሳይቆጣ ተናገረ። «እኔ ላስቃችሁ አልመጣሁም። አንድ ቡድን አንድ አፍ ነው ሊኖረው የሚገባው። ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ ውስጥ አማርኛ ብቻ።»

ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ወረቀት ላይ ብታየው ልክ ነው። የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፕሬዚዳንቱ ባርኔጣውን አስተካከለና ትእዛዙን የራሱ አደረገው። ጣቱን በረኛው ላይ ቀሰረ። «በሚቀጥለው ጨዋታ በቋንቋ ምክንያት አንድ ጎል ቢገባብህ፣ የበሩ ወንበር ለሌላ ይሰጣል። አንተ ወደ ፋጉሎው ትመለሳለህ። ወደ ቀን ሥራ። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለ በረኛው፣ በአማርኛ። ሚስቱ በዚያ ሰሞን እርጉዝ ናት። ሁላችንም እናውቃለን፤ ፕሬዚዳንቱም ያውቃል።

ከሁለት እሑድ በኋላ እንግዶቹ መጡ። ፀሐይዋ ሳትበርድ ጨዋታ ስለማይሞከር ከሰዓት በኋላ ዘግየት ተብሎ ተጀመረ። ሜዳችን አፈር ነው፤ ጠዋት ውኃ ረጭተንበት እኩለ ቀን ላይ ደርቋል። ከከዚራም ከመጋላም ያልወጣ ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ተቀምጠዋል፤ ፕሬዚዳንቱ ለእሳቸው እየሰገደ ለሜዳው ጀርባውን እንደሰጠ ነው። እኔ ከእኛ ጎል ጀርባ ቆምኩ። ያን ቀን ዓይኔን ከበረኛው መንቀል አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ግማሽ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ቡድናችን ዲዳ ሆነ። ተከላካዩ አደጋ ሲያይ አፉን ይከፍታል፣ ከአፉ ሊወጣ የነበረውን ይውጣል፣ ከዚያ አማርኛውን ይፈልጋል። አንዴ አጥቂው በበረኛው ጀርባ ዞሮ ሲገባ አይቶ «ስማ፣ አንተ ሰውዬ፣ ከበስተኋላህ በኩል» ማለት ሲጀምር ኳሱ ተመትቶ፣ ተይዞ፣ ተመልሶ ሄዷል። እንግዶቹ እየሳቁ «ጨርስ እንጂ፣ ከበስተኋላው ምን?» አሉት።

በረኛው ግን። ስለ በረኛው እንዴት እንደምጽፍ አላውቅም፤ ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ እየሞከርኩት ነው። የሚነግረው ሰው ስለሌለ በዓይኑ ብቻ ይጠብቅ ጀመር። ሲመቱ ሳይሆን ሊመቱ ሲያስቡ ይነሣል። አንዱን ኳስ ከላይኛው ማዕዘን በጣቱ ጫፍ ሲያወጣው፣ ገላው ከመሬቱ ጋር ተጋድሞ፣ አየር ላይ የተኛ ይመስል ነበር። አጠገቤ የነበሩት አንድ የመጋላ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀሩ። «ያ ረቢ» አሉ በቀስታ፤ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት።  ይህን ሰው ነው ነገ ፋጉሎ ሊያስጭኑት የሚፈልጉት ብዬ አሰብኩና የምተፋበት አጣሁ።

ሁለተኛው ግማሽ እንደተጀመረ ነው ነገሩ የተቀየረው። ከጎሉ ጀርባ ጫት የምትሸጥ አንዲት ኦሮሞ ሴት ነበረች፤ ዘንቢሏን አስቀምጣ ጨዋታውን ታያለች። አጥቂ ከጀርባ ሲገባ አይታ «ዱባ ኬ» አለች፣ ከኋላህ ማለቷ ነው። በረኛው ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ኳሱን ወሰደው። ሰዉ ሁሉ ወደ ሴትየዋ ዞረ።

አሰልጣኙ በመስመሩ እየሮጠ መጣ። «ድቡ ሳይወጣልኝ ዱባ መጣ? ዝም በይ አንቺ ሴትዮ።»

«እኔንም ታሰልፈኛለህ እንዴ?» አለችው። «ማሊያዬ የታለ?»

 ልክ ናት፤ ትእዛዙ ሜዳ ውስጥ ላሉት ነው። ሜዳ ዳር ያለውን ሰው ማን ያዝዘዋል? ሰዉ ይህን በአንድ ጊዜ ነው የተረዳው። በቀኝ በኩል የቆሙት ኦሮሞዎች «ቢታ» አሉ፣ ግራ ማለት ነው፤ በግራ በኩል ያሉት ሱማሌዎች «ሚዲግ» አሉ፣ ቀኝ ማለት ነው፤ ከበስተጀርባ አደሬው በራሱ ቋንቋ፣ ዐረቡ በራሱ ቋንቋ፣ እኛም በአማርኛ ገባንበት። በጩኸት ብቻ የሚፈርስ ነገር ቢኖር ያን ቀን ሜዳው ይፈርስ ነበር። እኔ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም የመስጊድ ደጃፍ ላይም ብዙ ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ። እንደዚያ ቀን ፀጉሬ የቆመበት ጊዜ ግን የለም። የተከላካዩ የታፈነ አፍ በሺ አፍ ሆኖ ተመለሰ። ተከላካዩ ራሱ ቀና ብሎ ሰዉን አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው እንደ ሌላ ሰው ነው።

መጨረሻው ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ኳስ ተመልሶ መጣ ብል ታምኑኛላችሁ? ያው ከፍታ፣ ያው ማዕዘን። በረኛው ተነሣ። ተከላካዩ በግራ በኩል ነፃ ነው። አጥቂያቸው ደግሞ በዚህ ጊዜ በእውነት ከጀርባ እየመጣ ነው። ከግራ ያሉት ሱማሌዎች ተከላካዩን አይተው «ዲብ» አሉ። ከቀኝ ያሉት ኦሮሞዎች አጥቂውን አይተው «ዲቢ» አሉ። አንዱ ወገን አቀብል ይላል፣ ሌላው ግፋ ይላል፤ ቃሉ አንድ ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ዓይኔን ልጨፍን ነበር። የበሩን ወንበርና የለገሃሬን ክፍል አሰብኩ።

በረኛው አየር ላይ እንዳለ እጁን ጨበጠ። መታው ግን አላልም፤ ጨብጦ ገፋው፣ ያ ፋጉሎ የሚያስቀምጥበት ልስላሴ ያለበት ግፊያ። ኳሱ ከአጥቂው ራስ በላይ አለፈና ተከላካዩ ደረት ላይ ወረደ። ገፋም፣ አቀበለም። ሜዳው ዳር ያለው ሁለቱም ወገን እኔን ሰማኝ ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ተከላካዩ ኳሱን አወረደ፣ አየ፣ ረጅም ሰደደው። ክንፍ ተጫዋቻችን ከአቧራው ውስጥ ወጥቶ አገባው።

ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቅፌ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ስነሣ ያ የመጋላ ሽማግሌ የጫት ሻጯን እጅ ይዘው ያርገበግባሉ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ክለቡ የእኛ ክለብ ነው። እዚያ አንድ ለባዶ ተሸንፈን፣ እዚህ አንድ ለባዶ አሸንፈን እኩል ሆንን፤ በዕጣ ይለይ ተባለ። ዳኛው ስሙኒ አወጣ። በአንደኛው ፊት ንጉሡ አሉ፣ ዘውድ የምንለው፣ በሌላው ፊት አንበሳው ከነጎፈሩ። ቀድሞ የሚመርጠው ባለሜዳ ነው ተባለና፣ አምበላችን እጁን ሲያነሣ ፕሬዚዳንቱ ከድንኳኑ እየሮጠ መጥቶ ገፋው። ቀኑን ሙሉ ወደ ሜዳው ያልዞረ ሰው ያን ጊዜ ዞረ።

«ዘውድ ወይስ ጎፈር?» አለ ዳኛው።

አምበሉ ከኋላው «ጎፈር በል፣ ጎፈር» ይለዋል። ባለሥልጣኑ ቆመው እያዩ ነው። በባለሥልጣን ፊት ንጉሡን ትቶ አውሬ መምረጥ የሚችል ሹም አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ዘውድ» አለ።

ጎፈር ወጣ።

እንግዶቹ አለፉ፣ እኛ ቀረን። ፕሬዚዳንቱ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ጫት ሻጯ ዘንቢሏን ራሷ ላይ እያደረገች፣ «ይህንንስ በየትኛው ቋንቋ ነው የተሸነፋችሁት?» ብላ ጠየቀችው። ባርኔጣውን ደፍቶ አለፈ።

ያን ሌሊት ዕጣው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ሰኞ ጠዋት በተለመደው መንገድ ወደ መጭመቂያው አልገባሁም፤ በፋጉሎው ቁልል በኩል ዞርኩ። እዚያ እንዳላየው እየፈራሁ ነው የዞርኩት። መኪና እየጫኑ ነው። ከላይ የቆመውን ተቀባይ አየሁ፤ የማላውቀው አጭር ሰው ነው። ወደ በሩ አየሁ፤ ረጅሙ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ተከላካዩ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነገር ይነግረዋል፣ እሱ ይስቃል። በቋንቋ ምክንያት ጎል አልገባበትም፤ ፕሬዚዳንቱ እንኳን ሊክደው አልቻለም።

ከታች ያለው ሱማሌ ፋጉሎውን አነሣና ወደ ጎረቤቱ እያየ «ዲብ» አለ።

ጎረቤቱ ኦሮሞ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። «መጀመሪያ በማን ቋንቋ እንደሆነ ንገረኝ» አለው።

ሰልፉ በሙሉ ሥራ አቁሞ ሳቀ። እኔም ሳቄን ይዤ ወደ ማሽኔ ገባሁ።